ውሃ የሚያመልጠው በመጋጠሚያው ነው

ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ45 ገደማ፣ በርሊን መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። የፈነዳው አኳዶም ይባል የነበረው የዓሣ ማኖሪያ ነው። 14 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከአክሪሊክ የተሠራ፣ በመሀሉ አሳንሰር የሚወጣና የሚወርድበት ክብ ግንብ ነበር። ውሃው ያገኘውን ዕቃ ሁሉ እየጠራረገ፣ የሆቴሉን ፊት ሰብሮ መንገድ ላይ ወጣ። ሁለት ሰዎች ቆሰሉ። ግንቡ ውስጥ ከነበሩት 1,500 ያህል ዓሦች ጥቂቶች ሲተርፉ ሌሎቹ አለቁ። ሰዓቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ፣ ልጆች ግንቡን ተደግፈው ዓሣ በሚቆጥሩበት በእኩለ ቀን ቢሆን ኖሮ፣ ዜናው የዓሣ ዜና ሆኖ አይቀርም ነበር።

ምርመራው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ባለሙያዎቹ የተሰባበረውን አክሪሊክ እንደ ሸክላ ስብርባሪ እየገጣጠሙ መረመሩት፤ መጨረሻ ላይ ያቀረቡት ግን አንድ መልስ ሳይሆን ሦስት መላምት ነው። አንደኛው፣ የግንቡ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የተያያዙበት ማጣበቂያ ለቀቀ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በእድሳቱ ጊዜ ከግንቡ እግር አጠገብ ጭረት ተፈጥሮ ስንጥቁ ከዚያ ጀመረ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ግንቡ ለእድሳት ባዶውን በቆየበት ወቅት አክሪሊኩ ደርቆ ተጎዳ የሚል ነው። የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ አልተቻለም። ከሦስቱ ሁለቱ ግን የሚያወሩት ስለ ግድግዳው መሀል አይደለም፤ አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ ነው።

የበርሊኑ ግንብ የዓለም ዜና ሆነ። ሳሎን ውስጥ ያለው 200 ሊትር አኳሪየም ግን ሲያፈስ ዜና አይሆንም። እሱ አይፈነዳም፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢያመልጥ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ነው። ቁም ሣጥኑ ያብጣል፣ ወለሉ ይነሣል፣ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያው ላይ ቢጫ ክብ ያያል። ከሥር የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ካለ ደግሞ ነገሩ ከምንጣፍ ያልፋል።

አስገራሚው ነገር ይህ ውሃ ጉልበት የሌለው መሆኑ ነው። የውሃ ግፊት የሚለካው በብዛቱ ሳይሆን በጥልቀቱ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አኳሪየም መውጫው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 0.06 ባር ብቻ ነው። ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው የቧንቧ ውሃ፣ በመጣ ቀን፣ 2 እና 3 ባር ሊሆን ይችላል። የማዕድ ቤቱ ቧንቧ ሠላሳና ሃምሳ እጥፍ ግፊት ተሸክሞ ዓመታት ሳያንጠባጥብ ሲቆይ፣ ገና ትናንት የተገጠመ አኳሪየም ለምን ያፈስሳል? ጉልበት ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

የዛሬው አኳሪየም እናቶች ሁለት ሴቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያዋ ዣን ቪልፕሩ ፓወር ትባላለች። ፈረንሳይ ገጠር ተወልዳ፣ በልብስ ስፌት ኖራ፣ በትዳር ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ገባች። በ1830ዎቹ መጀመሪያ አርጎናውት የሚባለውን ቀፎ ለባሽ የባሕር እንስሳ በሕይወት እያለ ማጥናት ፈለገች። ያን ጊዜ የነበረው ክርክር፣ ይህ እንስሳ ቀፎውን ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይሰርቃል የሚል ነበር። የሞተ እንስሳ በአልኮል ነክሮ በማየት መልሱ አይገኝም። ስለዚህ የመስታወት ማኖሪያ አሠራች፤ ባሕሩ ውስጥም መልሕቅ ያለው ሳጥን አስቀመጠች። እንስሳው ቀፎውን ራሱ እንደሚሠራ በዓይኗ አይታ አረጋገጠች። ባሕሩ ደጇ ስለሆነ ውሃው ሲበላሽ አዲስ ማስቀዳት ትችል ነበር።

ሁለተኛዋ አና ቲን ናት፤ ለንደን፣ ዌስትሚንስተር የምትኖር የካህን ሚስት። በ1846 ከደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ኮራል ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለንደን ግን ባሕር የለም፤ የባሕር ውሃ በየቀኑ ማስመጣት አይታሰብም። ያለው ውሃ አየር እንዲያገኝ መላ መታች፤ ገረዷ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ውሃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ መጀመሪያው እያንቆረቆረች ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንድትቆይ አደረገች። ኮራሎቹ ዓመታት ኖሩ። ከታሪክ አንጻር ካየነው የዛሬው ፓምፕ ቀድሞ የገረድ ክንድ ነበር። ያ ፓምፕ ቱቦ አልነበረውም፤ መገጣጠሚያም አልነበረውም። ስለዚህ ድካም እንጂ ማፍሰስ አያውቅም።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። እንግሊዝ በመስታወት ላይ የጣለችውን ከባድ ቀረጥ በ1845 አነሣች፤ መስታወት ረከሰ። ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 ዓሣና የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ እየተደጋገፉ መኖር እንደሚችሉ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። በ1853 የለንደን የአራዊት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ "አኳሪየም" የሚለውን ቃል ርዕስ ያደረገ መጽሐፍ አሳተመ፤ የእንግሊዝ መካከለኛ መደብ በሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ካላስገባሁ አለ። ፋሽን ነበር፤ ፋሽን ሆኖም በ1860ዎቹ በረደ።

በዚያ ዘመን ሳሎን ውስጥ የገባው አኳሪየም አራት መስታወት፣ የብረት ፍሬምና የድንጋይ ወለል ነበር። ሦስት የማይዛመዱ ነገሮች። ብረት ሲሞቅ በአንድ መጠን ይለጠጣል፣ መስታወት በሌላ፣ ድንጋይ በሌላ። በመካከላቸው የሚገባው ስቱኮ ነው። የእርሳስ ኦክሳይድ፣ ነጭ አሸዋ፣ ጄሶ፣ የተፈጨ የጥድ ሙጫ፣ ይህን ሁሉ በፈላ የተልባ ዘይት ማቡካት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የአኳሪየም ባለቤቶች ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፉት አሠራር ይህ ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ችግሩም ጥንካሬው ነው። ገንዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ፣ ክፍሉ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረው ስቱኮ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ስንጥቁ ላይ ሌላ ስቱኮ ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያም ይሰነጠቃል። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ውሃው ደጋግሞ እየተለወጠ ሳምንታት መቆየት ነበረበት። መጋጠሚያው ወይ ያፈስሳል ወይ ይመርዛል፤ አንዳንዴ ሁለቱንም።

*

ቱቦና መገጣጠሚያ ወደ አኳሪየም በእውነት የገባው በዊልያም አልፎርድ ሎይድ በኩል ነው። ሎይድ የናጠጠ ሰው አልነበረም፤ መጽሐፍ ጥረዛ ላይ የሠራ፣ በራሱ ጥረት ያደገ፣ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የባሕር እንስሳትና ገንዳ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። በ1864 የተከፈተው የሐምቡርግ አኳሪየም የእሱ እጅ አለበት፤ በ1871 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ የተከፈተውንም እሱ መራው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የባሕር ውሃ አይደፋም። ከማሳያ ገንዳዎቹ እጅግ የሚበልጥ የውሃ ማከማቻ ከመሬት በታች፣ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው በእንፋሎት ሞተር ወደ ላይ ይገፋል፣ በገንዳዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ። ዛሬ በየቤቱ ከቁም ሣጥን ሥር የሚቀመጠው ታችኛው ገንዳ የዚያ ማከማቻ የልጅ ልጅ ነው።

የገረዷን ክንድ ፓምፕ ሲተካው ግን አዲስ ችግር መጣ። ውሃው አሁን ከገንዳ ይወጣል፣ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ ይከፈላል፣ ይመለሳል። በእያንዳንዱ እጥፋት መጋጠሚያ አለ። የዘመኑ የቧንቧ ባለሙያ የሚያውቀው እርሳስ፣ መዳብ፣ ነሐስና ብረት ነው። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ሁሉንም ይበላል፤ ከመዳብ የሚሟሟው ጥቂት ነገር ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን ለመግደል ይበቃል። ሎይድ መፍትሔውን ያገኘው ከጎማ ነው፤ በድኝ ተቀቅሎ እንደ ቀንድ የጠነከረ ጎማ። የክሪስታል ፓላስ ፓምፕና ቱቦ ከዚህ ተሠራ። ከቧንቧው ጋር ሳይጣላ፣ ከዓሣውም ጋር ሳይጣላ የሚኖር የመጀመሪያው መጋጠሚያ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ፕላስቲክ ገና ሳይፈጠር የፕላስቲክን ሥራ የሠራ ነገር። ሎይድ ይህን ያህል መታወስ ሲገባው ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ ቧንቧ ሠሪ ሐውልት አይቆምለትም።

*

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ፤ የዛሬው ባለ አኳሪየም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና።

በ1841 ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ ለሲቪል መሐንዲሶች ተቋም አንድ ሐሳብ አቀረበ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ፋብሪካ ብሎንና ዳዶ የሚያወጣው በራሱ ልክ ነበር፤ የአንዱ ዳዶ በሌላው ብሎን አይገባም። ዊትወርዝ የጥርሱ ማዕዘን ለሁሉም 55 ዲግሪ ይሁን አለ። እንግሊዝ ተቀበለችው፤ ከእንግሊዝ ጋር የሚነግደውም ተከተለ፤ የእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስም በዚሁ ማዕዘን ሆነ። በ1864 ደግሞ ዊልያም ሴለርስ ፊላዴልፊያ ላይ ተነሥቶ፣ 55 ዲግሪ ለመለካትም ለመሥራትም ያስቸግራል፣ የእኛ 60 ይሁን አለ። አሜሪካም የራሷን ያዘች። ለቧንቧ ሮበርት ብሪግስ ያዘጋጀው ልክ በዚያው በ60 ዲግሪ ሄዶ የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ ሆነ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም በሚገባ የታሰበባቸው ናቸው። አብረው ግን አይሠሩም።

"አብረው አይሠሩም" ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ባልቲሞር አሳይታለች። የካቲት 7 ቀን 1904 እሑድ ዕለት የከተማዋ መሀል በእሳት ተያያዘ። ከዋሽንግተን፣ ከፊላዴልፊያ፣ ከኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በባቡር ደረሱ። ሰው አለ፣ ሞተር አለ፣ ቱቦ አለ፣ ውሃም አለ። የብዙዎቹ ቱቦ ግን ባልቲሞር መንገድ ላይ ካለው የውሃ መቅጃ ጋር አልገጠመም፤ ጥርሱ ሌላ ነው። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። ማንም ሥራውን አልበደለም፤ ሁሉም በየከተማው ትክክል ነበር። የጎደለው የሁለቱ መገናኛ ላይ የተስማማ ሰው ነው። ዓለም አቀፍ ጉዳይ ለሚከታተል አንባቢ ይህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ባልቲሞር ቢያንስ አለመግጠሙ በግልጽ ታየ። በአኳሪየም ላይ የሚደርሰው ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ይገጥማል። በግማሽ ኢንችና በሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ ላይ የእንግሊዙም የአሜሪካውም ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ማዕዘኑ ሌላ፣ ውፍረቱም በትንሹ ሌላ። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ የአኳሪየም መገጣጠሚያ በእንግሊዝ ልክ በተሠራ ቧንቧ ላይ ሲሞከር መጀመሪያ እሺ ይላል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ይገባል። ከዚያ ይጠነክራል። ሠሪው "ያዘ" ይላል። የያዘው ግን በሁለት ሦስት ጥርስ ጫፍ ብቻ ነው፤ በቀረው ቦታ ውሃ እየተጠማዘዘ የሚወጣበት ጠባብ ደረጃ ቀርቷል። በአንድ ኢንች ቧንቧ ላይ አንዱ 11 ጥርስ፣ ሌላው 11 ተኩል ስለሆነ አለመስማማታቸው ቶሎ ይገለጣል። አደገኞቹ ተመሳሳዮቹ ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጣጣ ሌላ መልክም አለው። ቧንቧ ወደ ከተማዋ የገባው በ1890ዎቹ፣ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ ባወረደ ጊዜ ነው። ከፍ ካለ ቦታ የተነሣ ውሃ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣቱ በጊዜው ጉድ አሰኝቷል። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ የሙያው ቋንቋም ከእሱ ቀረ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። የቧንቧው ልክ ደግሞ በእንግሊዝ ኢንች ይጠራል። ዕቃው ከቻይና ወይም ከቱርክ ይመጣል። "ግማሽ ኢንች" የሚባለውን ቧንቧ በማስመሪያ ለሚለካው ሰው ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይጠብቀዋል፤ የጥርሱ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ነው። ስሙ የጥንቱ የብረት ቧንቧ የውስጥ ስፋት ነበር። ቧንቧው ተለወጠ፣ ስሙ ቀረ። እንግዲህ ዘመድ ከውጭ አኳሪየም ሲልክ፣ ከነመገጣጠሚያው ሲመጣ፣ የሁለት መቶ ዓመት ክርክር በሻንጣ ገባ ማለት ነው።

*

የቧንቧ ጥርስ ሾጣጣ ነው፤ በእያንዳንዱ 16 ስንዝር ርዝመት አንድ ስንዝር እየጠበበ ይሄዳል እንደማለት። ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ይጨናነቃል። ብረት በብረት ሲጨናነቅ ጥቂት ይሟሽሻል፣ ይላመዳል። ቢሆንም በጥርሱ ጫፍና ሥር መካከል ቀጭን መንገድ ይቀራል፤ የአገራችን ባለሙያ ቃጫ የሚጠቀልለው ይህን መንገድ ለመዝጋት ነው። ቃጫ ሲረጥብ ያብጣል። የረጅም ዘመን ጥበብ ነው፤ ለብረት ቧንቧም እስከ ዛሬ ይሠራል። ለፕላስቲክ ግን ያ እብጠት ጠላት ነው።

ቴፍሎን የመጣው በአጋጣሚ ነው። በሚያዝያ 1938 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሮይ ፕለንኬት የተባለ ወጣት ኬሚስት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲያጠና፣ ሲሊንደሩ ጋዝ አልሰጥ አለው፤ ሲመዘን ግን ባዶ አይደለም። ቆርጦ ሲከፍተው ውስጡ ነጭ፣ የሚያሟልጭ ዱቄት አገኘ። ምንም ነገር አይበላውም፣ ምንም አይጣበቅበትም። ብዙም ሳይቆይ የአቶሚክ ቦምብ ለሚሠሩት ሰዎች ብረት የሚበላውን የዩራኒየም ጋዝ በሚያሳልፉት ቱቦዎች መጋጠሚያ ላይ ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ በቀጭን ጥቅል ሆኖ የየቧንቧ ሠሪው ኪስ ገባ።

ቴፍሎን ማጣበቂያ አለመሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የሚሠራው ክፍተቱን በመሙላትና ጥርሱን በማሟለጭ ነው። ማሟለጩ ላይ ወጥመድ አለ፤ በቴፍሎን የተጠቀለለ ጥርስ ሳይሰማ ብዙ ይገባል። ሴቴው ብረት ከሆነ ይችለዋል። ፕላስቲክ ከሆነ ሽብልቁ ከውስጥ ይገፋዋል፤ ዛሬ አይሰነጠቅ ይሆናል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ይከፈታል። ባለቤቱ ጠብታውን አይቶ ቁልፍ ያመጣል፤ ሩብ ዙር ይጨምራል። ጠብታው ለአንድ ቀን ይቆማል። ስንጥቁ ግን አደገ። በቤት አኳሪየም ላይ ከሚደርሰው ጥፋት ትልቁ ክፍል ከመላላት ሳይሆን ከመጠን በላይ ከማጥበቅ የሚመጣ ይመስላል።

መስታወቱን ከብረት ፍሬም ያላቀቀው ሲሊኮን ነው። በ1960ዎቹ መስታወት ከመስታወት በሲሊኮን ብቻ ተጣብቆ መቆም ጀመረ፤ ስቱኮው፣ እርሳሱ፣ ዝገቱ አብረው ቀሩ። ሲሊኮን እንደ ስቱኮ አይደርቅም፤ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ከመስታወቱ ጋር አብሮ ይተነፍሳል። ሲደርቅ የሚሸተው ኮምጣጤ ነው፤ ሽታው ሳይጠፋ ውሃ የሚሞላ ሰው ለራሱ ሥራ ይገዛል። ትልቁ ድክመቱ አዲሱ በአሮጌው ላይ በደንብ አለመያዙ ነው። በሚያፈስ ጥግ ላይ ከላይ የሚቀባ ሲሊኮን የድሮው ሰው ስንጥቅ ላይ ከጨመረው ስቱኮ አይለይም። አሮጌው በምላጭ ተልጦ፣ መስታወቱ በአልኮል ጠርቶ፣ ደርቆ ነው አዲሱ የሚገባው። ቱቦ ላይ ደግሞ ሲሊኮን ጨርሶ ቦታው አይደለም፤ ፒ.ቪ.ሲ. በሲሊኮን አይያዝም። ለፒ.ቪ.ሲ. የራሱ ማጣበቂያ አለ፤ እሱ የሁለቱን ፕላስቲክ ገጽ አሟምቶ አንድ አካል ያደርጋቸዋል።

*

ገንዳው ተበስቶ ቱቦ የሚወጣበት ቦታ በቤት አኳሪየም ላይ ዋናው መጋጠሚያ ነው። አሠራሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየጣራው ላይ የተሰቀለው ሮቶ መውጫው ላይ ያለው ያው ነው፤ ሰፊ ከንፈር፣ የጎማ ቀለበት፣ ከወዲያ በኩል ዳዶ። እዚህ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ አይደለም፤ ጎማው ነው። ጥርሱ ሥራው ጎማውን መጫን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዳዶ ሥር የሚጠቀለል ቴፍሎንም ቃጫም ትርፉ ድካም ነው። ጎማው የሚቀመጠው በከንፈሩ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ በውሃው በኩል ነው፤ በዳዶው በኩል ሲቀመጥ ዳዶው ሲዞር ጎማውን ያጣምመዋል፤ ማፍሰስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ጎማው ላይ ሲሊኮን መቀባትም የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጎማው በሲሊኮኑ እየተንሸራተተ ከቦታው ይወጣል። በእጅ አጥብቆ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ይበቃል። ከመዞሩ በፊት አቅጣጫውን ማየት ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ዳዶ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው፤ እያላላ ሳለ የሚያጠብቅ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ይህን ሁሉ በትክክል ያደረገ ሰውም አንድ ቀን ወለሉን ረጥቦ ያገኘዋል። ቱቦው ደረቅ ነው፣ መስታወቱ ደረቅ ነው፣ ወለሉ ግን ውሃ ነው። ምክንያቱ መብራት ሄዶ ነበር። ፓምፑ ሲቆም ወደ ላይ ይገፋ የነበረው ውሃ ይመለሳል፤ የመመለሻው ቱቦ አፍ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከሆነ ደግሞ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ ያወረደበት ያው ክብደት ሥራውን ይጀምራል፤ ቱቦው አየር እስኪስብ ድረስ የላይኛውን ገንዳ ወደ ታች ይጎትተዋል። 120 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጎድል 30 ሊትር ነው። ታችኛው ገንዳ ለ30 ሊትር የሚሆን ባዶ ቦታ ከሌለው የቀረው ወደ ምንጣፉ ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ስሕተት ዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። አዲስ አበባ ላይ በሳምንቱ ይጋለጣል። መድኃኒቱ ከውሃው ወለል በታች ጥቂት ዝቅ ብላ ቱቦው ላይ የምትበሳ ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ውሃው እሷ ጋ ሲደርስ አየር ትስብና ጉተታው ይቋረጣል። ቀዳዳዋን አልጌ ይደፍናታል፤ በየወሩ በስፒል መጥረግ ነው። ፓምፑን ሆን ብሎ አጥፍቶ፣ ታችኛው ገንዳ እስከ የት እንደሚሞላ ቆሞ ማየትና በዚያ ልክ ምልክት ማድረግ ደግሞ ከቀዳዳዋም በላይ ያሳርፋል።

የሚያፈስ መገጣጠሚያ ሲጠገን ቅደም ተከተሉ ከሁሉ አስቀድሞ ማድረቅ ነው። ውሃ ከላይ አፍስሶ ከታች ይንጠባጠባል፤ ጠብታው የሚታይበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላል። በጨው ውሃ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት የት እንደጀመረ ማየት ይረዳል፤ በጨዋማ ባልሆነው ላይ ደረቅ ሶፍት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አስሮ ማደር ነው። ጠዋት የረጠበው ሶፍት አንድ ብቻ ከሆነ፣ ቀሪዎቹን አለመንካት።